«ይኖራል ነበር»

ይድረስ ለወንድሜ ለየሺዋስ፤ ቡለን

እንደምን ከርመሃል? እኔስ ከተማሪዎቼ ሰዋስው በቀር የሚያመኝ የለም።

እዚህ አሶሳ የማስተምራቸው ጉዶች እናታቸውን ወንድ አድርገዋታል፤ «እናቴ ገበያ ሄደ» ብለው ይጽፋሉ። አንዱማ «በሬያችን ወለደች» ብሎ አመጣ። «ጥጃዋስ ደኅና ናት?» ስለው፣ «ደኅና ነው፣ ቲቸር» አለኝ! አንተ ትምህርት ቤት ስትላክ እኔ ውኃ ስቀዳ ቀርቼ፣ ልጅ ድሬ ፊደል የቆጠርሁት ለካ ይህን ሳርም ላረጅ ነው።

ትናንት ደግሞ ዘቢደር የምትባል የእናንተው አገር ልጅ «ወንድሜ ቡለን ውስጥ ይኖራል ነበር» ብላ ጻፈች።

«አንቺ፣ ወይ ‹ይኖራል› በይ፣ ወይ ‹ይኖር ነበር› በይ፤ አንዱን ምረጪ!» ብዬ ጮህሁባት።

«የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ቲቸር። ስልክ አያነሳም።»

የሳቁትን ገላመጥኋቸው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ዐረፍተ ነገሩ እንዳለ ይቆይ ብዬ ማርኳን ሰጠኋት።

ያንተም ስልክ አይነሳም፤ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ልኬዋለሁ። መልስ ስትጽፍ ለሰዋስው አትጨነቅ፤ ከዳር እስከ ዳር ስሕተት ቢሆን አላርመውም። ብቻ በራስህ እጅ ጻፈው፤ እጅ ጽሑፍህን አውቀዋለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ።

እህትህ የዝና