ጥላሸት አይሸጥም

ማክሰኞ

«ጥላሸት» አይሸጥም አሉ። አለቀ። እሑድ የሚከፈት ሙዚቃዊ ቲያትር፣ ዛሬ ማክሰኞ ስሙ አይሸጥም ተባለ።

ያለችው ሶስና ናት። ስፖንሰራችን፣ የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ የላካት የማርኬቲንግ ልጅ። ቆንጆ ናት፣ ትሁት ናት፣ ትሕትናዋ ነው የሚያናድደኝ። «እትዬ ዓለሚቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥላሸት ሲባል ሰው የሚያስበው ስም ማጥፋትን ነው። ማን ነው ከፍሎ ገብቶ ጥላሸት ተቀብቶ የሚወጣው?» ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ያ ፊቱ የማይፈታው ከበሮ መቺ እንኳ ሳቀ።

እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት። አባቴ አገዳ ቆራጭ፣ እናቴ አራሚ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት በእሳት ይለበለባል፤ ያን ቀን ጥቁር ጥላሸት እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ካምፑ ላይ ይወርዳል። መጀመሪያ ያየችው ሴት «ጥላሸት መጣ!» ትላለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ሁሉም ሮጠው የታጠበ ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ። የራስን ብቻ ማውረድ ነውር ነበር። ቀድማ የደረሰች የጎረቤቷንም፣ የተጣላቻትንም ሴት ልብስ ታወርዳለች። የእናቴ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ዳኒ፣ ዳይሬክተራችን፣ ይህን ስነግረው አልቅሷል። «ማዘር፣ ቲያትሩ ይሄ ነው፣ ስሙም ይሄ ነው፣ ማንም አይነካውም» ያለኝ በራሱ አፍ ነው። ታሪኩንም ዜማውንም የሰጠሁት በዚህ ቃል ነው። ዛሬ ሶስና ስትናገር ያ ዳኒ ስልኩን ሲጎረጉር ዋለ።

ረቡዕ

ስም ስናወጣ ዋልን። ለልጅ እንኳ እንዲህ አይደከምም። ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት የማስታውሳቸው፦

«የወንጂዋ ልጅ»። የአዳማ ሰው ይቀየማል ተባለ።

«ጣፋጭ እንባ»። አልቅሶ የማያውቅ ሰው ያወጣው ነው።

«ፍቅር በአገዳ ሥር»። ያለው ልጅ ራሱ አፍሮ አጠፋው።

«ስኳሬ»።

እዚህ ላይ ተጨበጨበ። አጭር ነው፣ አፍ ላይ ይጥማል፣ ወጣቱ በስልኩ ይቀባበለዋል አለች ሶስና። ስፖንሰሩም በስልክ «እሱ ነው! እሱ ነው!» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ኬክ ሻጭ ምን ሊል ኖሯል? እጅ ይውጣ ተባለ። የእኔ እጅ ጭኔ ላይ ቀረ። ያየልኝም የለም።

ስኳሬ። እናቴን የገደላት ስኳር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አገዳ ስታርም ኖራ፣ በመጨረሻ ስኳር መጀመሪያ ዓይኗን ወሰደ፣ ቀጥሎ እግሯን፣ ከዚያ እሷኑ። ቲያትሩ ውስጥ ነበረ ይሄ። «ሰው ሊዝናና ነው የሚመጣው» ተብሎ ወጣ። በሽታዋን ከመድረክ አውጥተው ስሙን በር ላይ ሊሰቅሉት ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ሶስና አታውቅም፣ አልፈርድባትም። ዳኒ ግን ያውቃል። ያን ትዕይንት የሰረዘው እሱ ነው።

ሐሙስ

ልምምድ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። አላመመኝም፣ ተናድጃለሁ።

አንሶላ አጠብኩ። የዛሬው ነፋስ አቧራ አለበሰው፣ እንደገና አጠብኩት። ዳኒ ደወለ፣ አላነሳሁም። ከዚያ ጻፈልኝ፤ «ማዘር፣ ስሙ ነው እንጂ ታሪኩ ያው ነው።» ስሙ ነው እንጂ! «አንተን ከነገ ጀምሮ ብስኩት ብንልህ ትወዳለህ?» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ለምን እንዳጠፋሁት አላውቅም፣ ጥሩ ነበር።

ልተወው ወይ? ብተወው እኔ የምጫወተውን የእናቴን ቦታ የምትይዘው ያቺ ቀጭኗ ልጅ ናት። «ጥላሸት መጣ» ስትል የታክሲ ረዳት ነው የምትመስለው። አልተውም።

ዓርብ

ፖስተሩ እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ተሰቅሏል። ታኮ ጫማ ያደረገች ልጅ አገዳ ትግጣለች። ታኮ አድርጎ አገዳ ማሳ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም። ከጎኗ በስኳር የተሠራ ልብ፣ በትልቁ «ስኳሬ»፣ ከታች የሶስና ስልክ ቁጥር። የእኔን ስም ብዙ ፈለግኩት። አለ፣ ጥግ ላይ፣ ትንኝ ያረፈበት ይመስላል።

እዚያው አዴ ጫልቱን አገኘኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ ስኳር ካደረባቸው ቆይቷል።

«አካም ጅርታ ዓለሚቱ! እሰይ፣ ለእኛም የሚያስብ ተገኘ። በነጻ ነው ወይስ ያስከፍላሉ?»

«ምኑ ነው አዴ?»

«ምርመራው ነዋ! ስኳሬ ይል የለም እንዴ? ምግብ ሳልቀምስ ነው የምመጣው ወይስ በልቼ?»

የቆመ ባጃጅ ተደግፌ ሳቅኩ። ሳምንቱን ሙሉ ያልሳቅኩትን ሁሉ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ማዘር፣ ሰላም ነው?» አለኝ። ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥብኝ ሲል ቶሎ ተሰናብቻቸው ሄድኩ። ቲያትር ነው ማለቱንም ረሳሁት።

ቅዳሜ

አዴ ጫልቱ ብቻቸውን አይደሉም ለካ። የሶስና ስልክ ከትናንት ጀምሮ ሲጮህ ነው ያደረው። አንድ ሹፌር ከሞጆ ደውሎ መድኃኒቱን የምትሰጡት መቼ ነው ብሏታል። አንዲት ሴትዮ ለባሏ ወረፋ ያዢልኝ ብላታለች። ሶስና ዓይኗ ቀልቷል፣ አሳዘነችኝ። ስፖንሰሩ በግኖ መጣ፤ «ኬኬን በሽታ አደረጋችሁት!» እያለ። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው። ደስ አለኝ።

«እንግዲያው ጥላሸት እንበለው» አልኩ። በዚህ ሳምንት ስለ ስሙ ድምፄን አውጥቼ የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው። ሶስና ዳኒን አየችው። ዳኒ ጣሪያውን አየ። ስፖንሰሩ ግን ለመመለስ አልዘገየም። «ኬክ ላይ ጥላሸት? እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

ስለዚህ መፍትሔ ተባለና ቁራጭ ወረቀት ታተመ፤ በየፖስተሩ ላይ የሚለጠፍ። «ስለ በሽታ አይደለም» ይላል። ከልጆቹ ጋር እኔም ዞሬ ለጠፍኩ። በለጠፍኩ ቁጥር የእናቴን አፍ በእጄ የያዝኩት ያህል ይሰማኝ ነበር። ዳኒ ሙጫውን ይዞ ከጎኔ ነበር።

እሑድ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት ያነበባት የለም። ከኋላ ወጣቶች፣ ከፊት እናቶችና አባቶች፣ አንዳንዱ ምሳውን ሳይበላ የመጣ። አዴ ጫልቱ የሐኪም ካርዳቸውን በፌስታል ይዘው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሳያቸው፣ አሁን ምን ልንላቸው ነው አልኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። አንሶላዎቹ ገመድ ላይ ናቸው፣ ከላይ ጥቁር የወረቀት ብጣሽ መውረድ ጀመረ። «ጥላሸት መጣ!» አልኩ። ልጆቹ ሊቀበሉኝ ሲሉ ከተመልካቹ መሀል ሌላ ድምፅ ቀደማቸው።

«መጣ! መጣ! አውርዱ!»

አንዲት አሮጊት ናት። ብድግ ብላ የራሷን ነጠላ እየሰበሰበች ነው፣ የጎረቤቷንም ጭምር። የወንጂ ሰው መሆን አለባት። ወዲያው ከጥግ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላ። ሙዚቀኞቹ ግራ ገብቷቸው አቆሙ። እኔ አላቆምኩም። እናቴ ትጠራው እንደነበረው ጠራሁት፣ እነሱም መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደተጫወትኩት አላውቅም።

ሲያልቅ ስፖንሰሩ ትልቅ ኬክ አስይዞ መጣ። «አየሽ እትዬ! ስሙ ሸጠ!» ቀጥሎ ባቱ ከተማ የምናሳየውም በዚሁ ስም ነው አለ። ሰው ለምን እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ የነገረው ግን የለም። ዳኒ ሊያቅፈኝ ተጠጋና «ማዘር፣ ይቅርታ» አለኝ። «ሂድ ኬክህን ብላ» አልኩት። ይቅር ልበለው አልበለው ገና አላወቅኩም። ባቱ ልሂድ አልሂድም አላወቅኩም።

አዴ ጫልቱ በር ላይ ጠብቀውኛል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ክንዴን ያዙኝና፣

«ያ ጥላሸት የምትሉት ቲያትር ደግሞ መቼ ነው የሚታየው? እህቴን ይዤ እመጣለሁ።»

«ስሙ ስኳሬ ነው አዴ» አልኳቸው፣ እየመረረኝ።

«ተይ አንቺ ደግሞ!» አሉኝ። «ስኳሬንማ ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ እለካዋለሁ።»