ጋሽ ያኮብ ምኩራብ የገቡ ለት

ሰኞ
ጋሽ ያኮብ የደወለላቸውን ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ደንግጬ ሻዩን እጄ ላይ ደፋሁት።
"ማነው ጋሽ ያኮብ?"
"ሳሙኤል፣ ከዴንሃግ" አሉ።
ጋሽ ያኮብ እኔ የማስታምማቸው አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው ዴንሃግ የአይሁድ ምኩራብ ረቢ ነበሩ። ፊልም ልሥራ ብለው ምኩራቡን ሲተዉ ጓደኛቸው ሳሙኤል አኮረፈ፤ በኛ ቢሆን "አዝማሪ ሆነ" እንደማለት። ይኸው እስከ ዛሬ። አሁን የሳሙኤል ሚስት ሙት ዓመት ሐሙስ ነው። ጸሎቱ ደግሞ አሥር ወንድ ካልሞላ አይደረስም። ሽማግሌዎቹ አልቀው ዘጠኝ ቀርተዋል፤ አሥረኛ ሁንልኝ ሊላቸው ነው የደወለው።
"እኔ ልቆጠርላቸዋ!" አልኳቸው።
"አንቺማ ከአሥሩም ትበልጫለሽ፤ ግን አይቆጥሩሽም።"
ተመስገን፣ ሳቁ።

ማክሰኞ
መስኮት ስወለውል የድሮ ፎቶ አወጡ። የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሮተርዳም ወደብ ሲቀርጹ፣ የወደቡ ሠራተኞች መብራት ተሸክመውላቸው። ጋሽ ያኮብ ፀጉራቸው ጥቁር፣ እንዴት ያምሩ ነበር! እኔም ደሴ ሲኒማ ቤት ከወንድሜ ጋር ተደብቀን የገባነው ትዝ አለኝ። ከፊልም ያገኙትን የስደተኛ ልጆች ሲያስተምሩበት አልቋል፤ አሁን እዚህ አምስተርዳም የኪራይ ቤት ነው ያሉት። ቆጭቷቸው ግን አያውቅም። የሚቆጫቸው ሌላ ነው።
"ሚስቱ ደግ ሰው ነበረች" አሉ ድንገት።
"እኛ ጋ ለተዝካር የተኳረፈም ይመጣል" አልኳቸው። "በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ ኩርፊያውን ይቀጥላል።"


ረቡዕ
"ካፖርቴን ቦርሺልኝ" አሉኝ። ቦረሽኩ።

ሐሙስ
ፈረቃዬን ቀይሬ በባቡር ዴንሃግ ይዣቸው ሄድኩ። ሳሙኤል ምኩራቡ በር ላይ ቆሟል።
"አርጅተሃል" አላቸው።
"አንተ ብሰህ!"
ሰላምታቸው ይኼው ነው። ስንገባ አንዱ ሽማግሌ ታሞ ቀርቷል። እንደገና ዘጠኝ! ሳሙኤል አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ፤ አሳዘነኝ።
"ሰው ማሟላት የኔ ሥራ ነበር" አሉ ጋሽ ያኮብ፤ ሮተርዳም ደወሉ። ድሮ ፊልማቸው ላይ የተወነ፣ ዳን የሚባል አይሁዳዊ ከአንድ ሰዓት በኋላ እያለከለከ መጣ። ምኩራብ ከረገጠ ዘመን አልፎታል።
ሳሙኤል ትክ ብሎ አየው። "አንተ ፊልሙ ላይ ረቢ የሆንከው አይደለህም?"
ጋሽ ያኮብ ዞር አሉ። "ፊልሜን አይተኸዋል?"
ሳሙኤል ቀላ። "ሚስቴ ናት የወሰደችኝ።" ቆቡን እያስተካከለ፣ "ሁለቴ።"
ከዚያ የጸሎት መጽሐፉን አንስቶ ለጋሽ ያኮብ ሰጣቸው። "አንተ ምራልን።"
መሩ። እኔ በሴቶቹ በኩል ቁጭ ብዬ አንድም ቃል ሳይገባኝ አለቀስኩ።
ስንመለስ፣ "ቅዳሜም ና ብሎኛል" አሉኝ።
"ምን አሉት ታዲያ?"
"በሰንበት ባቡር አልሳፈርም አልኩት። አርብ መጥተህ እኔ ጋ እደር አለ። ታንኮራፋለህ አልኩት።"
ይሂዱ ይቅሩ አላውቅም። ፒጃማቸውን ግን አጥቤ አስጥቼላቸው ነው ዲመን ወዳለው ቤቴ የመጣሁት።