የሐጂ ሳልሕ የሥራ ፈቃድ

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ፈረስ መጋላ ገበያ ኮት የሚሰፉት የመናዊው ሐጂ ሳልሕ ዛሬ የሥራ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ቢሮዬ መጡ። አዲሱ መመሪያ ሥራውን የሚችል ኢትዮጵያዊ ካለ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ እንዳይታደስ ያዛል። ስለዚህ አብሯቸው የሚሰፋውን ከድርን ለምስክርነት አስጠራሁት። ከድር ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አሁን እሱም የልጆች አባት ሆኗል።

«ያለ እሳቸው ኮት ቆርጠህ መስፋት ትችላለህ?» አልኩት።

ሐጂን አየት አደረገና «አልችልም ጌታዬ» አለ።

ለፋሲካ ያሰፋሁትን ኮት የቆረጠውም የሰፋውም እሱ ነው።  የሐጂ ፊት ተለዋወጠ።

«ወላሂ ይችላል» አሉ። «አሥር ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ከእኔ ይሻላል። ከድር፣ ስለ እኔ ብለህ አትዋሽ።»



የፈቃድ ማሳደሻው ቅጽ የሚጠይቀው «አለ» ወይም «የለም» የሚል አንድ ቃል ነው። «አለ» ብዬ ብጽፍ ሰውየው ስላስተማሩ ተባረሩ ማለት ነው። «የለም» ብል ሐሰት ነው፤ እሳቸውም ራሳቸው አይቀበሉትም። መመሪያው ክፉ ነው እንዳልል፣ ኤረር በር አካባቢ ሥራ ያጣ ጎረምሳ ሞልቷል። ግን ከድርን ለሥራ ያበቃው ማን ነው?

ቅጹን ባዶውን አስቀምጬ «ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። ሐጂ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሱቁን በከድር ስም አዙሬ እኔ በእሱ ሥር ብሠራስ ይፈቀዳል?» አሉኝ።

እጠይቃለሁ አልኳቸው። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም።