ካርዳቸው ሳይዘጋ አላደረም

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው እናታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ያደጉባት ቤት ግማሿ መኖሪያ፣ ግማሿ የአባታቸው የሥራ ቦታ ስለነበረች፣ በመኝታቸውና በመላጊያው መካከል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነበር። አባታቸው የተደባለቀ ምስማር በየርዝመቱ እየለዩ በየቆርቆሮው እንዲያስቀምጡ ያዘዟቸው ገና በአምስት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተደባለቀ ነገር አይተው ማለፍ እንደተሳናቸው፣ ይህም ጠባይ በትዳራቸውም ሆነ በልጆቻቸው መሳቢያ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ እንዳስከተለ ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው በ1966 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ቀጥሎም ለሁለት ዓመት የጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ሥልጠና ተከታትለው በጥሩ ውጤት ተመረቁ።

ወደ ሕይወት ዘመን ሥራቸው የገቡት በደብዳቤ ሳይሆን በምሳ ዕቃ ነው። በ1968 ዓ.ም. አባታቸው ለመንግሥት ሆስፒታሉ የካርድ ክፍል መደርደሪያ እየሠሩ ሳለ፣ እናታችን ምሳቸውን ሊያደርሱ ሄዱ። የበሽተኛው ሕመም፣ የታዘዘለት መድኃኒትና የምርመራ ውጤቱ የሚቀመጥበት ካርድ፣ በሺህ የሚቈጠረው ሁሉ፣ ወለሉ ላይ እንደ ገለባ ተከምሮ አዩ። አባታቸው በልተው እስኪጨርሱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በፊደል ተራ መለየት ጀመሩ። የክፍሉ ኃላፊ ደርሰው "ማን ፈቅዶልሽ ነው?" ቢሏቸው፣ "ማንም አልፈቀደልኝም፤ ማንም ግን አልከለከለኝም" አሉ። በወሩ ተቀጠሩ። አባታቸውም ከመደርደሪያው ከተረፈ ጣውላ አንዲት ማስመሪያ ቀርጸው ሰጧቸው። ያቺ ማስመሪያ ሠላሳ አራት ዓመት ከጠረጴዛቸው አልተለየችም።

በሦስተኛው የሥራ ዓመታቸው ያጋጠማቸውን አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። የቀጠሮ ቀን ስለነበር እናታችን በመስኮቱ ቆመው ስም ይጠሩ ነበር። አንድ ስም ጠርተው መልስ ቢያጡ ደግመው ጠሩ። ይህን ጊዜ ሌላ ልጇን ታቅፋ ከወንበሩ ጥግ የተቀመጠች እናት ቀና ብላ፣ "እሱ ልጄ ነው፤ ከሞተ ሳምንቱ። እዚሁ እናንተ ጋ ነው የሞተው" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እናታችን ሲያወሩት ሁልጊዜ የሚያነሡት ይህንኑ ነበር፦ "ምነው ጮኻብኝ ቢሆን!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በካርድ ክፍሉ አንድ ደንብ ሆነ። የትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም። በሽተኛ ሲያርፍ፣ ከመጨረሻው የሐኪም ጽሑፍ ሥር በማስመሪያ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ ቀኑ ይጻፋል፤ ይፈረማል፤ ካርዱም በመስኮቱ አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ይዛወራል። የሟች ካርድ ሳይዘጋ አያድርም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ እናታችን መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህን ነበር። የሥራ ሰዓት አልቋል የሚል ካለም፣ "የቤተሰቡ የልቅሶ ሰዓት አላለቀም" ይሉት ነበር።

አባታችን የዚያው ሆስፒታል የአምቡላንስ ሾፌር ነበሩ። አንድ ጧት ምንም ሳይታመሙ ተሰልፈው ካርድ አወጡ። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ስማቸው በዚያች የካርድ ክፍል ልጅ አፍ ሲጠራ ለመስማት እንደሆነ ለባልደረቦቻቸው ተናግረው ኖሯል። ወሬው ለእናታችን ሲደርስ፣ ካርዱን መልሰው በመስኮቱ አቀበሏቸውና "ጤነኛ ሰው የበሽተኛ ወረፋ አይሻማም። የምትፈልገው ነገር ካለ አባቴ ቤት አለ" አሏቸው። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። አባታችን በ1991 ዓ.ም. ባረፉበት ዕለት እናታችን ከቀብር መልስ የለበሱትን ጥቁር ልብስ ሳይለውጡ ወደ ሆስፒታሉ ሄደው ካርዳቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉ። እኛ ልጆቻቸው ያን ቀን አልገባንም፤ እንዲያውም ተቀይመናቸው ነበር።

አንዳንዶቻችን እንደምንለው በ1995 ዓ.ም. ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1989 ዓ.ም.፣ እናታችን እዚያው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። የተሰጣቸው የማደንዘዣ መድኃኒት ሳይስማማቸው ቀርቶ ለጥቂት ተረፉ። የመድኃኒቱ ስም በካርዳቸው ራስጌ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ። ዓመቱን የምናርመው እሳቸው ቀን ሲሳሳት ስለማይወዱ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የሆስፒታሉ ካርዶች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ ተወሰነና ሥራው ለእናታችን ተሰጠ። ያን ጊዜ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። በሁለት ጣት መተየብ ተማሩ፤ በዓመቱ በአራት ጣት ሆነ። ብዙዎች እንደሚያስቡት ኮምፒውተርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። "አይረሳም፣ አይደክምም፣ አይጥ አይበላውም፤ ያልነገሩትን ግን አያውቅም" ይሉ ነበር። በዚህም ምክንያት የማስገባቱን ቅደም ተከተል ራሳቸው አወጡ፦ መጀመሪያ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት፣ ቀጥሎ የዘወትር መድኃኒት ተከታታዮች፣ ከዚያ ሌላው ሕዝብ፣ ከሕዝቡ በኋላ የሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ ከሠራተኞቹም ሁሉ በስተመጨረሻ የራሳቸው። ባልደረቦቻቸው ሲያጉረመርሙ የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ በሆስፒታሉ ይነገራል፦ "እኛ በሩን የምንከፍት ነን፤ የሚከፍት ሰው ቀድሞ አይገባም።"

በሦስት ዓመት ውስጥ ከስድሳ ሺህ በላይ ካርድ ገባ። በ1994 ዓ.ም. የተቀጠረችና እናታችን እንደ ልጃቸው ያሠለጠኗት ወጣት መዝጋቢ አብራቸው ነበረች። ሥራው ሊያልቅ አራት መቶ ያህል ካርድ፣ ማለትም የሠራተኞቹ ካርድ፣ ሲቀር ፕሮጀክቱ ጊዜው አበቃ ተብሎ ተዘጋ። እናታችንም በዚያው ወር፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በጡረታ ተሰናበቱ። የቀረው በቅርቡ እንደሚገባ ቃል ተገባላቸው። ማስመሪያቸውን ለመዝጋቢዋ ትተው ወጡ።

በጡረታ ዘመናቸው አምስት የልጅ ልጆች አሳደጉ። በሰፈሩ ማንም ሲታመም የሐኪም ወረቀቱን በቀን ተራ አስተካክለው ይሰጡት ስለነበር፣ ከሆስፒታሉ የተከተላቸው "እትዬ ካርድ" የሚለው ስም በመንደሩም ጸና። በስማቸው የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ምርመራው እብጠት መኖሩን አሳየና ፈጥኖ መወገድ እንዳለበት ተነገራቸው። ከታላቅ ሴት ልጃቸው ጋር ሆነው በዚያች መስኮት ፊት ተሰለፉ። በመጀመሪያው ቀን "ሲስተም የለም" ተባሉ። በሁለተኛው ቀን ሲስተሙ መጣ፤ እሳቸው ግን በውስጡ አልነበሩም። ያችው ያሠለጠኗት መዝጋቢ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ተየበች። ሦስት ጊዜም አንድ መልስ መጣ፦ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም። መዝጋቢዋ እንባዋ ሲመጣ እናታችን በመስኮቱ እጃቸውን ሰድደው እጇን ያዙና፣ "በይ የኔ ልጅ፣ እንደ አዲስ መዝግቢኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ዛሬ ገና መግባቴ ነው" አሏት። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙም የማደንዘዣ ባለሙያውም የማይስማማቸውን መድኃኒት ስም ሳያውቁ መድፈር አልፈለጉም፤ ልንፈርድባቸውም አንችልም። እናታችን የሺህ ሰው ካርድ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ የዚያን መድኃኒት ስም ግን አያስታውሱትም። ስሙ የሚገኘው በወረቀቱ ካርድ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሆስፒታል ሄደን ያንኑ ጥያቄ ተጠየቅን።

የወረቀት ካርዶቹ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወዳለ መጋዘን ተወስደው ነበር። በአያታችን እጅ የተሠሩት መደርደሪያዎች ለኮምፒውተሮቹ ቦታ ለመልቀቅ ፈርሰዋል። ስለዚህ ካርዱ ሁሉ ዳግመኛ ወለሉ ላይ ተከምሮ ተገኘ። እናታችን በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና፣ "በሉ፤ ከ'ሀ' እንጀምር" አሉ።

ፍለጋው ሰባት ሳምንት ፈጀ። መጋዘኑ የሚከፈተው በሥራ ሰዓት፣ ያውም መዝጋቢዋ ከመስኮቷ ፋታ ስታገኝ ነበር። እናታችን በየካርዱ ሽፋን የሰውየውን ታሪክ እያስታወሱ፣ ይህ ልጁ መሐንዲስ ሆነለት፣ ይቺ እንኳ ፈውስ አግኝታለች እያሉ ሥራውን ያቃልሉልን ነበር። ታላቅ ልጃቸው አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ "እማዬ፣ የራስሽን ካርድ ቀድመሽ አስገብተሽ ቢሆን ማን ይቀየምሽ ነበር?" አለቻቸው። እናታችን "ማንም" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ግን ያቺን የወንበሩ ጥግ ላይ የነበረች ሴት ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር" አሉ። ልጃቸው ያን ጥያቄ በመጠየቋ ዛሬም ታዝናለች።

ካርዱን ያገኘችው መዝጋቢዋ ናት። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በምሳ ሰዓቷ። ቀዩ ጽሑፍ አልደበዘዘም ነበር። ቀዶ ሐኪሙ አንብበው፣ እናታችንን ዳግመኛ መርምረው፣ እብጠቱ ወደ ጉበት መዛመቱን በግልጽ ነገሩን። "ቀድሞ ደርሶኝ ቢሆን እሞክር ነበር። አድናቸው ነበር ብዬ ግን አልምልም" አሉ። ይህን እውነት ስለነገሩን እናመሰግናቸዋለን። እናታችንም አመስግነዋቸዋል። ከዚያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም፤ የቀሩት የአራት መቶ ሠራተኞች ካርድ መቼ እንደሚገባ ነበር። ተኝተው ሲታከሙ በሰነበቱባቸው ሳምንታትም መዝጋቢዋ ከሥራ ስትወጣ አልጋቸው ድረስ እየመጣች፣ በዕለቱ ስንት እንዳስገባች ትነግራቸው ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት መድረሱን ሰምተዋል።

እናታችን ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬኑን ለመረከብ በኮሪደሩ ስንጠባበቅ፣ በታላቅ ልጃቸው እጅ የነበረው የእናታችን ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታሉ የመጣ መልእክት ነበር። ነገ ሦስት ሰዓት ቀጠሮ እንዳላቸውና አርፍደው እንዳይመጡ ይላል። ልጃቸው ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቷ ሄደች። መዝጋቢዋ አነበበችው። ከኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን መዝጋት የሚችለው ዋናው ቢሮ ብቻ እንደሆነ፣ ይህም ቀናት እንደሚወስድ ተናገረች። ከዚያ የወረቀቱን ካርድ ከመሳቢያዋ አወጣች። ከሐኪሙ የመጨረሻ ጽሑፍ ሥር ያቺን የጣውላ ማስመሪያ አስቀምጣ ቀይ መስመር አሰመረች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ፈረመች። የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ ስለሌለ ካርዱን በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ድሮ መደርደሪያው በነበረበት አቅጣጫ፣ አቆመችው። ገና አሥር ሰዓት አልሆነም ነበር።

እናታችን ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት እኅቶችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ያች መዝጋቢም ከልጆቻቸው ጋር ትቈጠርልን። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሙ፣ ዛሬም ሊሸኟቸው ለመጡ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

እናታችን በሕይወት ዘመናቸው የማንንም ተራ አልፈው አያውቁም። ከእንግዲህ በስማቸው የሚጠራቸው ፈጣሪያቸው ብቻ ነው፤ ሲጠራቸውም በሩ ላይ ሳያስጠብቅ ያስገባቸው።