በሁለት «አዎ» ስለጠፋው የእናቴ ድምፅ

ለክቡር አቶ ሻሮን
የሰፈራችን የአረጋውያን ቤት ሥራ አስኪያጅ
ነቬ ሐይም፣ ሀደራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ ኮምፒውተርዎ የፈጠነና ያማረ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከእናቴ ከወይዘሮ ደጅቱ በቀር። እሷ ባለፈው የሐኑካ በዓል ሰሞን አርፋለች።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ውለታዎ በእኔ ቤት ብቻ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ጋሼ አለልኝ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞሩ የአርባ አንድ አረጋውያንን ቃል በድምፅ ቀርጸው በአረጋውያን ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አስቀምጠው ነበር። እናቴ ለአራት ሰዓት ተኩል ተናግራለች፤ የተወለደችበትን መንደር፣ የአባቶቿን ስም እስከ ሰባት ትውልድ፣ ጎንደር የቀረችውን እህቷን ሙሉእመቤትንና የተለያዩበትን ምክንያት ጭምር። አክስቴ ወደዚህ ለመምጣት ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ጠበቃችንም «ይህ ቃል ከመግቢያ ማመልከቻዋ ጋር ይያያዛል፤ እህትማማች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳልን የለም» ብላን ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ/ እናቴ በሕይወት ሳለች የቃሏ ቅጂ እንዲሰጠኝ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ስጠይቅዎ፣ «አዲሱ ኮምፒውተር እስኪመጣ ሳቭላኑት» ብለው ትዕግሥትን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ብቻ የጠበቀ ቤተሰብ ይህ ትምህርት እንደሚጎድለው በምን አወቁ?

2ኛ/ አዲሱ ኮምፒውተር የመጣ ዕለት ስላሳዩት ትጋት። ጋሼ አለልኝ ቃሉ ያለባቸውን ሁለት ዲስኮች ከአሮጌው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አኖሯቸው። ሁለቱ እንደ አንድ ተጣምረው የሚሠሩ ስለሆኑ አዲሱ ኮምፒውተር ላያውቃቸው እንደሚችል ነገሩዎት። «መጀመሪያ ቃሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ከቤት ይዤ እስክመጣ እንዳትነካው» አሉዎት። እርስዎም «ይሂዬ ቤሴዴር፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» ብለው ሸኟቸው። በሄዱበት ሃያ ደቂቃ ውስጥ ግን ዲስኮቹን በገዛ እጅዎ ገጠሙ። ኮምፒውተሩ ከባለቤቱ ይልቅ ጨዋ ኖሮ፣ ሳይጠይቅ አልነካም። «ይህን ዲስክ አላውቀውም፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይዘጋጅ ወይ?» አለዎት። አዎ አሉ። ዲስኩ ሁለት ስለሆነ ሁለተኛም ጠየቀዎት። አሁንም አዎ አሉ።

3ኛ/ ጋሼ አለልኝ ተመልሰው ስክሪኑን ሲያዩ አልጮሁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ሻሮን፣ ከእንግዲህ ምንም አይጻፍበት። ነቅለን ለባለሙያ እንስጠው፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ገና ይድናል» ብለው ለመኑዎት። ቃል ገቡላቸው። ከዚያ ባለሙያ እስኪገኝ በነበሩት አሥራ ስድስት ቀናት ዲስኮቹ ሥራ ፈትተው እንዳይቀመጡ አዝነው፣ የግቢው በር ካሜራ ቀን ከሌት እንዲቀርጽባቸው አደረጉ። ሃይፋ ያገኘነው ባለሙያ ሦስት ቀን ሲፈልግ ከርሞ ደወለልኝ። «ከእናትሽ ምንም አላገኘሁም፤ ያለው የተዘጋ በር ነው» አለኝ። ፋብሪካ ነበርኩ፣ ሥራ ላይ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ማምረቻ መስመሬ ተመለስኩ፤ ሌላ የማደርገው አላወቅሁም።

4ኛ/ ይህኛው እንኳ ምስጋና አይደለም፣ ቁጥሩ አመለጠኝ። አክስቴ ሙሉእመቤት በየሳምንቱ ትደውላለች። «የእህቴን ድምፅ ላኪልኝ፤ ለማመልከቻው አይደለም፣ ለራሴ ነው» ትለኛለች። እኔም ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው፣ ይሠራል፣ እያልኩ እዋሻታለሁ። «እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ» ትላለች። እውነቱን ልናገር፦ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ፣ ተቀርጿል ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ከሰባቱ አባቶቿ የማውቀው ሦስቱን ነው። የቀሩትን አራቱን የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ክቡር ሆይ፣ ቃላቸውን ከሰጡት አርባ አንድ ሰዎች አሥራ ዘጠኙ ዛሬ የሉም። ቤተሰቦቻቸው የወላጆቻቸው ድምፅ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ በደህና ተቀምጧል ብለው ያምናሉ፤ ለኮምፒውተሩ ምረቃም ኬክ ይዘው መጥተው ነበር። ይህን ለመንገር ጊዜ እንዳጠረዎት ስለተረዳሁ፣ የሥራ ጫናዎን ለማቃለል ብዬ እነሆ እኔ ነገርኩልዎ። ይህ ደብዳቤ ዛሬ በየደጃቸው ደርሷል።

ለዋሉልን ሁሉ፣ በተለይም ሳይቸኩሉ ሁለቴ ላሰቡበት «አዎ»፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከስልጣን ወንበርዎ ነቅለው ወደ ሌላ የሚያዛውሩዎት ሁሉ ከእርስዎ የተሻለ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ብዙዬ ካሣሁን
የወይዘሮ ደጅቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ በእናቴ ስም ደብዳቤ ደርሶናል። «በቴክኒክ ምክንያት ቃልዎን እንደገና ለመስጠት ረቡዕ ጧት መታወቂያዎን ይዘው በአካል ይቅረቡ፤ ያልቀረበ እንደተወ ይቆጠራል» ይላል። አድራሻዋን ስለቀየረች ያስተካክሉልን፤ የሀደራ መካነ መቃብር፣ ከበሩ በስተግራ፣ አራተኛው ረድፍ። መንቀሳቀስ ስለማትችል እርስዎ ቢመጡላት ይሻላል። ረቡዕ ጧት እኔ እዚያ ነኝ፤ ማይክሮፎኑን አይርሱ።