ምላስ አውጥተው የሚጠሩት ስም

አክስትዬ፣ እንዴት ከረማችሁ?

እኛ ዘንድ ምላስ ማውጣት ብልግና ነው። እዚህ ቋንቋ ላጠና በመጣሁበት አገር ግን የምላስን ጫፍ ከላይኛው ከንፈር ጋር አጣብቀው፣ ትንፋሽ አፍነው በድንገት ሲለቁት የሚወጣ ድምፅ አለ፤ «በ»ም አይደል «ደ»ም አይደል። እሱን ፍለጋ ከአንዲት አሮጊት ዘንድ መጣሁ፤ ስማቸው የሚጀምረውም በእሱ ነው። የሚኖሩበት የአረጋውያን ማረፊያ ነርሶች ግን አፋቸው ስላልለመደው በ«በ» ተክተው ይጠሯቸዋል። እሳቸው ዞር ብለው አያዩም።

«ጆሯቸው አይሰማም፣ ባይለፉ ይሻላል» አለችኝ አንዷ ነርስ።

ሟች ባለቤታቸው ከጓሮ ሲጣሯቸው የተቀዳ አሮጌ ካሴት አግኝቼ ነበር። እሱን እየሰማሁ መስታወት ፊት እንደ ሕፃን ምላሴን ሳወጣ ሰነበትኩ። ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ ጠራኋቸው።

«አቤት፣ መጣሁ!» አሉ በቋንቋቸው፤ ወዲያው ከአልጋው ሥር ጫማቸውን በእግራቸው ይዳብሱ ጀመር። ነርሷ አፏን ያዘች። የሚመጡለት ሰው እኮ እኔ አይደለሁም።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። እማዬንም አባባ ባወጣላት ስም አንዴ ጥሪልኝ፤ እሱ ካለፈ ወዲህ በዚያ ስም የጠራት የለም።