ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ብልቃጥ

ዓርብ

ቀላቅለውታል። ጋሽ በቀለና ጋሽ ሙሉጌታ የየራሳቸውን የጥናት ክኒን አንድ ብልቃጥ ውስጥ ገልብጠው እየተካፈሉ ይውጣሉ። ሮዝቪል ከተማ አብረው የሚኖሩበት አፓርታማ ብሄድ ጋሽ በቀለ ብልቃጡን እያንቃጨሉ በኩራት አሳዩኝ። "አንዳችን መድኃኒት፣ አንዳችን ዱቄት ስንውጥ ዝም ብለን እንተያይ?" አሉ። ለሂሩት እንዳልናገርም አደራ አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው።

ሂሩት የእህቴ ልጅ ናት። አዲስ የደም ግፊት መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ላይ ነርስ ናት። ባለፈው ወር "ጋሼ፣ ወረቀቱ ለማንም አይገባም፤ ሰርግ ላይ መድረክ የምትመራው አንተ ነህ፤ በራስህ አፍ አስረዳልኝ" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ለጥናቱ በተመዘገቡት ፊት ተነሥቼ፣ "ግማሻችሁ መድኃኒቱን፣ ግማሻችሁ እሱን የሚመስል ባዶ ክኒን ትወስዳላችሁ። በዕጣ ነው። ለማን ምን እንደደረሰ ሐኪሙም አያውቅም" አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "የጋሽ በቀለን ዕድል ስለማውቀው፣ ለእሳቸው ዱቄቱ ነው" ብዬ ጨመርኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ቅዳሜ

የፓርኪንግ ሒሳብ የምቀበልባት ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ ያን ቀን ያልተናገርኩትን ጻፍኩ።

– ባዶው የደረሰው ሰው የድሮ መድኃኒቱን አያቆምም። አዲሱ በላዩ የሚጨመር ነው። ማንም ያለ መድኃኒት አይቀርም።
– ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር የሰውየው ነው። ክፉ ቢያጋጥመው ምን እንደወሰደ የሚታወቀው በዚያ ቁጥር ነው።
– ያመመውን ሁሉ ይናገራል።
– ያልፈለገ በፈለገው ቀን ይወጣል።

ሁሉም ወረቀቱ ላይ ነበር። ሳቁ ሲደምቅልኝ ዘለልኩት። ዛሬ የገዛ ድምፄን ጠላሁት።

ጋሽ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። ጠዋት ጠዋት ያዞራቸዋል። ለሂሩት ነግረዋት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ደህና ነኝ አልኳት። እንዲያ ስትለፋልኝ የልጅቷን ፊት ላጥቁረው?"

በይሉኝታ ሰው ይሞታል እንዴ? ይሞታል።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሮዝቪል ሄድኩ። ጋሽ ሙሉጌታ ከሶፋው ሲነሡ ግድግዳ ያዙ። እንዳላይባቸው ስለ በረዶው ያወሩልኛል።

"አደራውን ልበላ ነው" አልኳቸው።

"አደራ በላ ከሆንክ እዚህ ቤት አትምጣ" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

ጋሽ በቀለ ደግሞ፣ "አንተ ለሰርግ ቤት ነው የተፈጠርከው። ለቁም ነገር ማን ጠራህ?" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ታጣፊ ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ደወልኩ። ለሂሩት ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ "የጥናቱን ክኒን ሁለቱም አሁኑኑ ያቁሙ። ጠዋት ብልቃጡንም እነሱንም ይዘህ ና። ከወደቁ ናይን ዋን ዋን ደውለህ አምቡላንስ ጥራ" አለች። ጋሼ አላለችኝም።

ሰኞ

የጋሽ ሙሉጌታ ግፊት ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የጥናቱን ክኒን ከእንግዲህ አይወስዱም፣ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። የድሮውንም መጠን ቀነሰላቸው። ሂሩት ለአለቆቿ ሪፖርት ማድረግ አለባት። በኔ ቀልድ።

ጋሽ በቀለ አላስቻላቸውም። "ዱቄቱ የማን ነበር?" አሉ። ሂሩት ተረጎመች። ሐኪሙ እሱም እንደማያውቅ ተናገረ፤ አሁን የማን ዕጣ ምን እንደነበር ቢገለጥም፣ ማን ምን እንደዋጠ አይለይም።

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። "ሐኪሙም አያውቅም ያልከውን ቀልድህን መስሎኝ ነበር እኮ።"

ሂሩት በር ላይ ያዘችኝ። የፊታችን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እንደገና ቆሜ የጻፍኩትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እንዳነብ አዘዘችኝ። "ኖ ጆክስ፣ ቀልድ የለም፣ ጋሼ" አለች። ጋሼ አለችኝ።

ማክሰኞ

ጋሽ ሙሉጌታ ደወሉ።

"ዛሬ ግድግዳ ሳልይዝ ተነሣሁ" አሉ። ቀጥለውም፣ "አደራ በላ" ብለው ዘጉት።

መጨረሻው ላይ ሳቅ የነበረበት መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።